በራሪዋ እንቍራሪት

ሰው አዲስ ወሬ ሲሰማ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ሰው የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር ይቀበላል፤ ሌላው ደግሞ በዐይኑ ያላየውን ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ ይሥቃል። አስተዋይ ሰው ግን ከሁለቱም ይርቃል። አስቀድሞ ይሰማል፤ ቀጥሎ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ይመዝናል። ይህ እንዴት እንደሚሆን የአንዲት እንቍራሪት ታሪክ ያስተምራል።

እንቍራሪትን የማያውቅ ልጅ የለም። ዝናብ ሲዘንብ በኩሬና በወንዝ ዳር ሆና ትጮኻለች፤ ሰው ሲቀርባት ዘላ ወደ ውኃ ትገባለች። ስለዚህ እንቍራሪት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ውኃን፥ ጭቃንና ሣርን ነው። በሩቅ አገር ግን አብዛኛውን ዕድሜዋን በረጅም ዛፍ ላይ የምታሳልፍ እንቍራሪት አለች። ይህች እንቍራሪት ከቅርንጫፍ ላይ ዘላ በአየር ላይ እየተንሳፈፈች ትወርዳለች። ስለዚህም ሰዎች በራሪዋ እንቍራሪት ይሏታል።

አገሯ በእስያ ደቡብ ምሥራቅ ነው። በዚያ በባሕር መካከል ቦርኔዮ የሚባል ታላቅ ደሴት አለ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ምድር ማለት ነው። ቦርኔዮ በዓለም ካሉት ደሴቶች በስፋቱ ሦስተኛ ነው። ዛሬ ሦስት መንግሥታት ተካፍለው ይዘውታል፤ እነርሱም ማሌዥያ፥ ኢንዶኔዥያና ብሩናይ ናቸው። በራሪዋ እንቍራሪት ከቦርኔዮ በቀር በሱማትራ ደሴትና በማላያ ልሳነ ምድር ትገኛለች።

የምድር ወገብ የሚባለው መሥመር በቦርኔዮ ላይ ያልፋል። ስለዚህ በቈላው አገር ብርድ የለም፤ ዝናቡም ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል። ሙቀትና እርጥበት ስለማይቋረጡ ዛፎቹ እጅግ ይረዝማሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በደሴቱ ሰሜን የተለካ አንድ ዛፍ 100 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ሌሎቹ ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለው ደን ብዙ ደርብ ያለውን ቤት ይመስላል። በታች ጨለማና እርጥብ መሬት አለ። በመካከል ትንንሽ ዛፎችና ሐረጎች አሉ። በላይ የታላላቆቹ ዛፎች ቅጠል እንደ ጣራ ተዘርግቶ ፀሐይን ይከለክላል። በየደርቡም ልዩ ልዩ እንስሳት ይኖራሉ። በታች የሚኖረው እንስሳ በላይ ያለውን ላያየው ይችላል። የበራሪዋ እንቍራሪት ቤት ከላይ ነው።

መልኳ ያማረ ነው። ጀርባዋ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ስለ ሆነ በቅጠል መካከል ስትቀመጥ በቀላሉ አትታይም። ጎኗ ቢጫ ነው። ርዝመቷ ከአፍንጫዋ እስከ መቀመጫዋ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ግማሽ ስንዝር ያህል ነው። ዐይኖቿ ትልልቆች ናቸው። ቀን ተደብቃ ትውላለች፤ ሌሊት ወጥታ ነፍሳትን እያደነች ትበላለች።

ከሰውነቷ ሁሉ የሚያስደንቁት እግሮቿ ናቸው። የጣቶቿ ጫፍ እንደ ትንሽ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ ነው፤ በዚህም ጫፍ በለሰለሰ ቅጠልና በቀጥተኛ ግንድ ላይ ተጣብቃ ትቆማለች። በጣቶቿም መካከል እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ ቆዳ አለ። ነገር ግን የዳክዬ ቆዳ በሁለቱ እግሮቿ ብቻ ሲሆን፥ የእርሷ በአራቱም እግሮቿ ላይ ይገኛል። ቆዳው እስከ ጣቶቿ ጫፍ ይደርሳል፤ መልኩም ጥቁር ሆኖ በላዩ ቢጫ መሥመር አለው። በክንዷና በእግሯ ዳርም ትንሽ የቆዳ ዘርፍ ተንጠልጥሏል።

ይህችን እንቍራሪት በመጀመሪያ ለሊቃውንት ያስታወቀው አልፍሬድ ረስል ዋላስ የሚባል የእንግሊዝ ሰው ነው። ዋላስ በ1823 ዓ.ም. ተወለደ። ወላጆቹ ገንዘብ ስላነሳቸው ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርት ቤቱን ተወ። ከዚያ በኋላ ከወንድሙ ጋር መሬት የመለካትን ሥራ ተማረ። በሜዳና በተራራ ሲዘዋወር ሣሩንና ቅጠሉን፥ ጥንዚዛውንና ወፉን መመርመር ጀመረ። ብዙ ዕውቀቱን ያገኘው በመምህር ፊት ተቀምጦ ሳይሆን መጻሕፍትን በማንበብና በዐይኑ በማስተዋል ነው።

በ1854 ዓ.ም. ዋላስ ወደ እነዚያ የእስያ ደሴቶች ሄደ። ስምንት ዓመትም በዚያ ተቀምጦ ከደሴት ወደ ደሴት እየተሻገረ እንስሳትን ሰበሰበ። የሰበሰበውም ከ125000 በለጠ፤ ከነዚህም የሚበዙት ነፍሳት ናቸው።

በ1855 ዓ.ም. ሳራዋክ በሚባለው በቦርኔዮ ክፍል ከወንዝ አጠገብ ሰፍሮ ነበር። በዚያ ስፍራ የድንጋይ ከሰል ሊወጣ ስለ ታሰበ ብዙ የቻይና ሰዎች ተቀጥረው ደኑን ይመነጥሩ ነበር። ሥራው ከባድ ነበር፤ ፀሐዩና ዝናቡም ይፈራረቁባቸው ነበር። ዋላስ እነዚህን ሠራተኞችና ዳያክ የሚባሉትን ያገሩን ተወላጆች፥ የምታገኙትን ነፍሳት ሁሉ አምጡልኝ አላቸው። ለአንዱም አንድ ሳንቲም ይከፍል ነበር። ብቻውን ደኑን ሁሉ ሊያይ እንደማይችል ያውቅ ነበርና።

ከዕለታት አንድ ቀን ከቻይና ሠራተኞች አንዱ አንድ ትልቅ እንቍራሪት ይዞ መጣ። ይህች እንቍራሪት ከረጅም ዛፍ ላይ ስትወርድ በዐይኔ አይቻለሁ ብሎ ነገረው። ደግሞም እንደምትበር ሆና ወደ ጎን እያዘነበለች ወረደች አለ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንት ስለምትበር እንቍራሪት የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እንቍራሪት ላባ የላትም፤ ክንፍም የላትም። ነገሩን የተናገረውም የእንስሳትን ጠባይ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሳይሆን፥ ከአገሩ ርቆ በመጥረቢያ የሚያድር ድኻ ሠራተኛ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በሣቀበት፥ ሳንቲሙንም ሰጥቶ በሸኘው ነበር። ቢሆንም ኖሮ እንቍራሪቲቱ ከብዙ እንስሳት መካከል እንደ አንዱ ተቈጥራ በቀረች፥ የሠራተኛውም ምስክርነት በከንቱ በጠፋ ነበር።

ዋላስ ግን አልሣቀም፤ ወዲያውም አላመነም። እንቍራሪቲቱን ተቀብሎ መመርመር ጀመረ። ጣቶቿን ቢዘረጋቸው እጅግ ረጃጅሞች ሆነው አገኛቸው፤ ቆዳውም እስከ ጫፋቸው ደረሰ። ከዚህ በኋላ ለካ። የሰውነቷ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። የአራቱ እግሮቿ ቆዳ ሲዘረጋ ግን ስፋቱ በጠቅላላው 77 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። ይህንንም ለማወቅ የሚወድ ተማሪ ርዝመቱ 11 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ቈርጦ ይመልከት። የዚያች ትንሽ እንስሳ መዳፎች ሁሉ ተዘርግተው ቢገጣጠሙ ያን ወረቀት ያህላሉ።

ዋላስ ከለካ በኋላ እንዲህ ብሎ አሰበ። በጣቶች መካከል የሚዘረጋ ቆዳ ለመዋኘት ይጠቅማል። ነገር ግን የዚህች እንቍራሪት የጣት ጫፍ ክብና የሚጣበቅ ስለ ሆነ፥ ኑሮዋ በዛፍ ላይ እንደ ሆነ ይታወቃል። በዛፍ ላይ የምትኖር ከሆነች ይህን የሚያህል ሰፊ ቆዳ ለመዋኘት ብቻ ልትይዘው አትችልም። እንግዲህ የሠራተኛው ነገር ሊታመን የሚገባው ነው። ዋላስ በዚህ መንገድ የሰማውን ቃል ካየው ነገር ጋር አስተያይቶ መዘነው።

በ1869 ዓ.ም. ስለ እነዚያ ደሴቶች ታላቅ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ የእንቍራሪቲቱን ነገር ጻፈ። ስትበር እኔ አየሁ ብሎ ግን አልጻፈም። ያየውና የነገረው የቻይና ሠራተኛ እንደ ሆነ ገልጦ ተናገረ። የሌላውን ሰው ምስክርነት የራስ ማድረግ እንደ መስረቅ ያለ ነውና፥ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። በ1895 ዓ.ም. ቡላንዤ የሚባል የእንስሳት ሊቅ ለእንቍራሪቲቱ በሊቃውንት ልማድ ስም አወጣላት፤ የስሙም ትርጓሜ ጥቁር መዳፍ ያላት የሚል ነገር አለበት።

አሁን ክንፍ የሌላት እንስሳ እንዴት ልትንሳፈፍ እንደቻለች መረዳት ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ ተማሪው ሁለት እኩል ወረቀት ይውሰድ። አንዱን ጨምድዶ እንደ ኳስ ያድርገው፤ ሁለተኛውን እንደ ተዘረጋ ይተወው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ከፍ አድርጎ በአንድ ጊዜ ይልቀቃቸው። የተጨመደደው ቀጥ ብሎ ፈጥኖ ይወድቃል፤ የተዘረጋው ግን ወዲያና ወዲህ እያለ በዝግታ ይወርዳል። የሁለቱ ክብደት አንድ ነው፤ የሚለያዩት በስፋት ነው። ሰፊ ነገር ሲወድቅ ከበታቹ ያለው አየር ብዙ ስለሆነ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አወዳደቁንም ያዘገየዋል።

እንቍራሪቲቱም እንዲሁ ታደርጋለች። ጠላት ሲመጣባት ወይም ወደ ሌላ ዛፍ መሄድ ስትፈልግ ከቅርንጫፍ ላይ ትዘላለች። በአየር ላይ ሳለች አራቱን እግሮቿን ትዘረጋለች፤ ጣቶቿንም ትከፍታለች። ያን ጊዜ በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳ እንደ አራት ትንንሽ ጃንጥላ ይወጠራል። እንዲህም ሆና 15 ሜትር ያህል ርቀት ተንሳፋ ልትሄድ ትችላለች። ስታርፍም የሚጣበቁት ጣቶቿ ቅጠሉን ወይም ግንዱን ይይዙላታል።

እንግዲህ በራሪ መባሏ በፍጹም ትክክል አይደለም። ወፍ ክንፉን እያማታ ከምድር ወደ ላይ ይነሣል። እንቍራሪቲቱ ግን ከታች ወደ ላይ ልትበር አትችልም፤ የምትችለው ከላይ ወደ ታች በዝግታ መውረድ ብቻ ነው። ወደ ላይ መመለስ ስትፈልግ እንደ ሌሎቹ የዛፍ እንቍራሪቶች በእግሯ ትወጣለች። ሠራተኛውም የተናገረው እንደምትበር ሆና ወረደች ብሎ ነበር እንጂ እንደ ወፍ ተነሣች ብሎ አልነበረም። ያየውን አልጨመረበትም፤ አልቀነሰለትምም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንት ነገሩን እንደ ገና መረመሩት። ብዙ ሰዎች ሰፊው መዳፍ የተሰጣት ሩቅ ለመሄድ ነው ብለው ይገምቱ ነበር። ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት የእንቍራሪት ምስል ሠርተው፥ በመኪና ኃይል ነፋስ በሚነፍስበት ስፍራ አኑረው ፈተኑት። አንዱን ምስል እንደ በራሪዋ፥ አንዱን እንደ ተራ እንቍራሪት አድርገውት ነበር። ያገኙትንም በ1990 ዓ.ም. አሳተሙ። የበራሪዋ መዳፍና አዘረጋግ ርቀትን የሚጨምር ሆኖ አልተገኘም፤ እንዲያውም በርቀት ተራው ምስል በለጠ። ነገር ግን በራሪዋ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለመታጠፍ እጅግ ትሻላለች።

ይህም ደኑን ላሰበ ሰው የሚገባ ነገር ነው። ዛፍ በበዛበት ስፍራ ሩቅ የሚሄድ ግን መታጠፍ የማይችል ከግንድ ጋር ይጋጫል። መታጠፍ የሚችል ግን የሚያርፍበትን ቅርንጫፍ ይመርጣል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ሲመረመር የሠራተኛው ቃል እውነት ሆኖ ጸና፤ የብዙ ሰዎች ግምት ግን ጐደሎ ሆኖ ተገኘ።

በራሪዋ እንቍራሪት ከላይ ብትኖርም ያለ ታች አትኖርም። እንቍላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ከዛፉ ወደ ደኑ መሬት አቅራቢያ ትወርዳለች። በዚያ አውራሪስና የዱር አሳማ በጭቃ ሲንከባለሉ የቈፈሩት ጕድጓድ አለ፤ ዝናብም ሲዘንብ ውኃ ይሞላዋል። ወንዶቹ እንቍራሪቶች በዚያ ተሰብስበው ይጮኻሉ፤ ሴቶቹም ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ።

ሴቲቱ በኩሬው ላይ ባዘነበለ ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ከሰውነቷ የሚወጣውን ፈሳሽ በኋላ እግሮቿ ደጋግማ ትመታዋለች። የዶሮ እንቍላል ነጩ ሲመታ አረፋ እንደሚሆን፥ ያም ፈሳሽ አረፋ ይሆናል። እንቍላሎቿን በአረፋው ውስጥ ትጥላለች። የአረፋው ውጭ ጥቂት ይደርቃል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ እንቍላሎቹን ከፀሐይ ይጠብቃቸዋል። ግልገሎቹ በተፈለፈሉ ጊዜ አረፋው ይለሰልሳል፤ እነርሱም ከታች ባለው ኩሬ ውስጥ ይንጠባጠባሉ። በዚያ ጊዜ እግር የላቸውም፤ በጅራታቸው እየዋኙ ያድጋሉ። በኋላ እግር ያወጣሉ፤ ጅራታቸውም ይጠፋል፤ ከውኃው ወጥተው ወደ ዛፍ ይወጣሉ።

እንዲህ ያለችው ቀላል እንስሳ ከባዱ አውራሪስ በቈፈረው ጕድጓድ ልጆቿን ታሳድጋለች። አውራሪሱ ለእንቍራሪት ብሎ አልቈፈረም፤ ነገር ግን ሥራው ለእርሷ ጠቀማት። አሁን ግን የሱማትራ አውራሪስ የሚባለው ወገን ሊጠፋ ደርሷል። በማሌዥያ የቀረው የመጨረሻው በ2019 ዓ.ም. ሞተ፤ በኢንዶኔዥያም የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ደኑም ተመንጥሯል። ከ1973 እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ከቦርኔዮ ደን ከመቶው 30 እጅ ያህሉ ጠፋ። ከዚህም ብዙ ስፍራ የዘይት ዘንባባ የሚተከልበት እርሻ ሆነ። እንቍራሪቲቱ ገና አልጠፋችም። ይሁን እንጂ ረጃጅሞቹ ዛፎች በሌሉበት የምትዘልበት፥ ኩሬውም በሌለበት የምትወልድበት ስፍራ አይኖራትም።

ዛሬ ይህች እንቍራሪት በብዙ ቋንቋ የዋላስ በራሪ እንቍራሪት ትባላለች። ዋላስም መስማትን፥ መመልከትንና መለካትን ስላወቀ ስሙ በእርሷ መጠራቱ ይገባዋል። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ ዐይኑን ወደ ላይ ያቀና ሌላ ሰው ነበር። የወረደችውን እንስሳ ተመለከተ፤ ወደ ዋላስም አመጣት፤ ያየውንም በትክክል ተናገረ። የዚያ ሠራተኛ ስም በመጽሐፉ አልተጻፈም፤ ዛሬም ማንነቱን የሚያውቅ የለም። የታወቀው ሥራው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰው ሲናገር ልብሱንና ማዕረጉን ማየት አይገባም፤ የተናገረውን ነገር ማየት ይገባል እንጂ። እረኛው ስለ አራዊት፥ ገበሬው ስለ መሬትና ስለ ዝናብ፥ አሮጊቲቱም ስለ ቅጠልና ስለ ሥር በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ነገር ያውቃሉ። የነገሩን ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ እነርሱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ነገር ግን ሳይመረምር የሚሥቅ ሰው፥ ሳይመረምር ከሚያምን ሰው አይሻልም። በትዕግሥት የሚሰማና በጥንቃቄ የሚመዝን ልጅ ግን ከታላቁም ከታናሹም ይማራል። ከሌላ ሰው የተማረውንም ከማን እንደ ተማረው መናገርን አይርሳ፤ የነገረውንም ሰው ስሙን ጠይቆ ይጻፍ።